ከሰረዛችሁ ምክንያቱን ንገሩን

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፤

አዘጋጆቹ «የዲጂታሉ ዘመን ዕድሎች» በሚል ርዕስ እንድናገር ነበር የጋበዙኝ። ስለ ዕድሎቹ የሚናገር አይጠፋም። እኔ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ጽሑፋችንን ስለ መሰረዛቸው ነው የማወራው። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ጽሑፉ ያልተነሳበት ወይም አካውንቱ ያልታገደበት ስንት ሰው ይገኛል?

እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ የኖርዌይ ደራሲ ስለ ጦርነት ፎቶግራፎች ሲጽፍ የ1972ቱን የቬትናም ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። ናፓልም የተባለው ተቀጣጣይ ቦምብ ያቃጠላት የ9 ዓመት ልጅ ራቁቷን እየጮኸች ስትሮጥ የሚያሳየውን፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፌስቡክ የራቁት ሕፃን ምስል አይፈቀድም ብሎ አነሳው፤ ደራሲውንም አገደው። አፍተንፖስተን የተባለው የኖርዌይ ጋዜጣ ጉዳዩን ከነፎቶው ቢያወጣ የእሱም ተነሳ። ዋና አዘጋጁ ለፌስቡክ አለቃ ለማርክ ዛከርበርግ የጻፈውን ግልጽ ደብዳቤ ፊት ገጹ ላይ አተመው። የወቅቱ የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤርና ሶልበርግም ፎቶውን በገጻቸው ለጠፉት። የእሳቸውም ተሰረዘ! የአገር መሪ ናቸው እኮ! በመጨረሻ ጩኸቱ ሲበረታ ኩባንያው ፎቶውን መለሰ።

ብዙዎች ይህን እንደ ድል ያወሩታል። እኔ ግን አይዋጥልኝም። ጠቅላይ ሚኒስትር የማይጮህለት ሰው ለማን አቤት ይበል?

መድረኩ የግል ነው፣ ባለቤቱ ያሻውን ያስወጣል የሚል አይታጣም። እውነት ነው፤ የአሜሪካው የ1996 ሕግ፣ ክፍል 230 የሚባለው፣ በቅን ልቦና ለሚሰርዙት ከለላ ይሰጣል። የግድያ ዛቻም ይሰረዝ፤ እንዲያውም ይዘገያሉ። የምጠላው ፍርዱን ሰጥተው ምክንያቱን መደበቃቸውን ነው። «የማኅበረሰብ መመሪያችንን ጥሰዋል።» የትኛውን? በየትኛው ዓረፍተ ነገር? ይግባኝ ብትሉም ያው መልስ በሰከንድ ይመጣል። በሰከንድ ማን አንብቦት ነው? ስድብን ለማውገዝ ስድቡን የጠቀሰ ሰው ከተሳዳቢው እኩል ይቀጣል። ተጠራርተው «ሪፖርት አድርጉት» የተባባሉ ሰዎችም የጠሉትን ጸሐፊ ያስዘጉታል።

ደግሞ አይቻልም አይበሉን! ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ የሰረዙበትን ምክንያት ለተጠቃሚው እንዲገልጹ ያስገድዳል፤ ትልልቆቹ መድረኮች ቅሬታን በማሽን ብቻ እንዳይወስኑም ይከለክላል። ለአውሮፓ ተጠቃሚ የሚገባው ለሌላው የማይገባው በምን ሒሳብ ነው?

ስለ ማስታወቂያ ገቢም ልናገር ነበር፤ ሰዓቴ አለቀ። ለኩባንያዎቹ የምንልከው አቤቱታ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። አንብባችሁ ከተስማማችሁ ፈርሙበት።