ምን ይላል?

እንደምን አመሻችሁ። ዝናቡ ይሰማችኋል አይደል? ይሰማችሁ እንግዲህ። ባለፈው «ቆርቆሮሽን ቀይሪ» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ሰዎች፣ ብሩን ላኩና ነገ እቀይራለሁ። በነሐሴ፣ ጅማ ላይ፣ ዝናብ እስኪያባራ ብጠብቅ ይህን ክፍል የምትሰሙት በጥቅምት ነው።

የጽሕፈትና የላሚኔሽን ሱቄን ዘግቻለሁ። አባ ጭሱም፣ ላሚኔት ማድረጊያ ማሽኔ፣ ጠፍቷል፤ ሽታው ግን አለ። ዛሬ የአንድ ልጅ ሰርተፍኬት ግማሹን ውጦ አልተፋም ብሎ... እሱን ሌላ ቀን። እሱ ያስቃል። ዛሬ የማወራው አያስቅም። ወይም ትንሽ ያስቃል፣ እንጃ።

ማክሰኞ ዕለት ነው። ከማዶ ያለው ባለሱቅ መጣ፤ ስሙን አልጠራም፣ ጎረቤት ነው። ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ይዟል። በእስክሪብቶ እንዲህ ተጽፎበታል፦ «እባካችሁ እዚህ በረንዳ ላይ አትቀመጡ፣ ደንበኛ መግቢያ ያጣል።» በአማርኛም በኦሮምኛም ጻፊልኝ፣ ላሚኔት አድርጊልኝ አለኝ።

እኔ ደግሞ ባለሙያ ነኝ አይደል? ወረቀቱን አየሁትና «ይሄ ረዝሟል፣ ፊደሉ ያንሳል፣ ከሩቅ አይነበብም» አልኩት። እውነቴን ነው፣ ያንሳል። «በይ አሳጥሪዋ» አለ። «እባካችሁ»ን አወጣሁ። ደንበኛውን አወጣሁ። «መቀመጥ ክልክል ነው።» ከሥሩ በቁቤ «ታኡን ዾርካዻ።» ፊደሉን 72 አድርጌ፣ አጥቁሬ፣ ኤ4ውን አግድም አዙሬ አሳየሁት። «አሁን ጉልበት አገኘ» አለ። ደስ አለው። እኔም ደስ አለኝ፤ እሱን አልክድም። ሥራዬ አማረልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

እንግዲህ ከማክሰኞ ጀምሮ ያቺ «እባካችሁ» እንቅልፍ ነስታኛለች።

ሰውየው የጻፈው ልመና ነበር እኮ! «አትቀመጡ» ሲል የሚናገር ሰው አለ፣ የሚሰማ ሰው አለ። «እሺ ወዴት እንሂድ?» ቢሉት መልስ መስጠት አለበት። ምክንያት እንኳ ጽፎ ነበር ምስኪን። እኔ ምን አደረግሁ? ተናጋሪውንም ሰሚውንም አወጣኋቸው። ክልክል ነው። ማን ከለከለ? ክልክል ነው። የሆነ ቢሮ መስኮት ላይ ቆማችሁ «ማን ነው የከለከለው?» ብላችሁ አታውቁም? «ክልክል ነው አልኩሽ እኮ» ይላል። ከሰማይ እንደወረደ ዝናብ ነው የሚያወራው፤ እሱም አብሯችሁ እየተመታ ያለ ይመስላል።

እናታችን ይህን ቃል ቤት ውስጥ ስትጠቀም ሰምቻት አላውቅም። እሷ ያላት «ነውር ነው» ነው። ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን «ሐራም ነው» ይሏቸው ነበር፤ እኔና ወንድሜ ደግሞ ሁለቱንም ደርበን አደግን፣ ነውሩም ሐራሙም አልጠቀመን ብሎ። ግን እዩት፣ ነውር ሲባል ዓይን አለው፤ ሰው ያየኛል ነው። ሐራም ሲባል ፈጣሪ አለ። «እርም» ያለ ሰው ደግሞ ከልካዩ ራሱ ነው፤ አባታችን ሲጋራን እርም ብሎ እስኪሞት አልነካትም። መንገድ ላይ ሁለት ሰው ሲደባደብ አንዱ ሽማግሌ «በሕግ አምላክ!» ቢል፣ ሕግም አምላክም ባንዴ ተጠርተው መጡ ማለት ነው። ሁሉም ባለቤት አላቸው። ክልክል ብቻ ነው ወላጅ የሌለው።

ወይም እኔ እያካበድኩት ነው።

ለነገሩ በዚህ ቃል እንጀራ በልቻለሁ። ያ በ2011 የወጣው አዋጅ፣ 1112፣ ሰው በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን የከለከለው፣ ከሃያ አንድ ዓመት በታች ላለ ሰውም መጠጥና ሲጋራ አይሸጥም ያለው፣ ለአባ ጭሱ ሠርግ ነበር። ካፌው ሁሉ «ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው» እያለ መጣ። አንዱ ባለካፌ እዚሁ ባንኮኒዬ ላይ ተደግፎ እያጨሰ «ደማቅ ቀይ አድርጊው» ሲለኝ... እሱን ነግሬያችኋለሁ መሰለኝ። ሦስት ጊዜ ነግሬያችኋለሁ። «መሽናት ክልክል ነው» በዓመት ስንት እንደማትም ደግሞ አትጠይቁኝ። እሱን ስጽፍ ጸጸት የሚባል ነገር ዝር ብሎብኝ አያውቅም። እንደውም እሱን በነፃ ብሠራው ደስ ይለኛል።

ስለዚህ ቃሉ አይደለም ጥፋተኛው? እንጃ።

እሺ። ወደ ማክሰኞ ልመለስ። ወረቀቱን ሰጠሁት፣ ከፈለኝ፣ ሄደ። አሥር ሰዓት ገደማ ዝናቡ ወረደ፤ የኛ ዝናብ ደግሞ አያስጠነቅቅም፣ ያው። ሱቄ በር ላይ ቆሜ ማዶውን አያለሁ። ታዛው ሥር አዴ ተቀምጠዋል። አዴን ታውቋቸዋላችሁ፤ በቆሎ የሚጠብሱት፣ ባለፈው ክፍል መሃል ገብተው «ለማን ነው ብቻሽን የምታወሪው?» ያሉኝ። ከጅሬን በኩል በእግራቸው ነው የሚመጡት። ከሰሉን በላስቲክ ሸፍነው፣ እግራቸውን ሰብስበው፣ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው። ከራሳቸው በላይ ደግሞ ያ የኔ ወረቀት። ያብረቀርቃል። የኔ ላሚኔሽን ስለሆነ አንዷ ጥግ ላይ አረፋ አለው።

እምላችኋለሁ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለማን እንደሆነ አላሰብኩም። «በረንዳ ላይ አትቀመጡ» ሲል ጫት የሚቅሙ ልጆች ነበሩ በጭንቅላቴ። ወይም... አስቤ ነበር ይሆን? በዚያ በረንዳ ላይ ከእሳቸው ሌላ ማን ይቀመጣል?

ዝናቡ ጋብ ሲል ተሻገርኩ። አዴ ቀና ብለው በጣታቸው ወረቀቱን አሳዩኝና «ማል ጄዻ?» አሉኝ። ምን ይላል?

ይኸውላችሁ እዚህ ጋ ነው። እዚህ ጋ ስደርስ ነው ሌሊት ሌሊት የምነቃው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ይህን አውቃለሁ። የስልክ ቁጥር የምፈልግላቸው እኔ ነኝ። ሳይደብቁ፣ ሳያፍሩ ነው የጠየቁኝ፤ ስንት ሰዓት ነው እንደሚባለው።

«ክልክል ነው ይላል» አልኩ።

«ምኑ?»

«መኪና ማቆም።»

ከየት እንደመጣ አላውቅም። አፌ ላይ ተገኘ። አዴ መንገዱን አዩት፣ ጭቃውን አዩት፣ አንዲት ባጃጅ ስታልፍ አዩ፣ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደግ አደረጉ፤ ጢሳቸው ያስቸግረኝ ነበር» አሉ። ከዚያ ወረቀቱን ጀርባቸው ላይ አድርገው ተመቻችተው ተቀመጡ። በኔ ውሸት ተደገፉ። እኔም በቆሎ ገዝቼ እየበላሁ ተመለስኩ። በላሁት እኮ! ጣፈጠኝ።

ወንድሜ ስነግረው «ጥሩ አደረግሽ» አለ። እሱ ኳስ ተጫዋች አይደል፣ ተከላካይ፤ ስለ ከለከለ የሚያስበው በእግሩ ነው። ግን አንድ ነገር አለ። «ተከላካይ ከምን ይመጣል? ከልካይ ማለት እኮ የሚጠብቅም ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። መከላከያ እንላለን፣ የበሽታ መከላከያ እንላለን። በነገሥታቱ ዘመን እልፍኝ አስከልካይ የሚባል ሹመት ነበር፤ ንጉሡ ዘንድ ማን ይገባል ማን አይገባም የሚለው በሱ እጅ ነው። ለውጪው ሰው ከልካይ፣ ለውስጠኛው ጠባቂ። «ከለላ»ም ከጎኑ የቆመች ይመስለኛል፤ ለጆሮዬ ዘመድ ናቸው። ታዛ ማለት ደግሞ ምንድን ነው? ከለላ አይደል? ከለላው ላይ ክልክል የሚል ወረቀት ሰቀልን፤ ማለቴ፣ እሱ ሰቀለ፣ እኔ...

አይ፣ ይሄ ነገር በጣም አማረ። ሲያምርልኝ ራሴን እጠረጥራለሁ። ማክሰኞም እንዲህ አምሮልኝ ነበር።

ረቡዕ ባለሱቁ ደወለ። «ሰው ማንበብ ተወ እንዴ? በኤ3 አድርጊልኝ» አለ። «ወረቀት አልቋል» አልኩት። ሁለት ደርዘን ኤ3 ከጀርባዬ ተደርድሯል። እንግዲህ ሁለት ውሸት። በእሱም አልፈርድም፤ መግቢያው እውነትም ጠባብ ነው፣ ኪራዩን ደግሞ አውቃለሁ። ሄጄ «ያ የመጀመሪያው ይሻል ነበር፣ እባካችሁ ያለው» ልለው ነበር። ግን ያኔስ ለአዴ ምን ብዬ ላንብብላቸው? «እባካችሁ መኪና አታቁሙ»?

የባሰው ሐሙስ ነው። አዴ የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ትምህርት ተዘግቷል፣ ሦስተኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ነው። ቁቤ ያነባል። ከዚህ ሆኜ አየሁት፤ ቀና አለ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ታ... ኡን። ከዚያ አያቱን አየ። ምን እንዳላቸው አልሰማሁም፣ ባጃጅ እያለፈች ነበር። ብቻ አዴ ከተቀመጡበት አልተነሱም።

ማታ ስዘጋ እንደወትሮው ሄጄ አንድ በቆሎ ወሰድኩ። ብር ዘረጋሁ። እጄን በእጃቸው መለሱት፤ ከለከሉኝ። ሦስት ዓመት ስገዛቸው በነፃ ሰጥተውኝ አያውቁም፤ አምስት ብር መልስ እንኳ አይረሱም። ሳቅ ብለው ደግሞ አይደለም፣ ፊታቸው አልሳቀም። «ዺሲ» አሉኝ።

ዺሲ። ጅማ ያደጋችሁ ታውቋታላችሁ። «ተዪው፣ ይሁን፣ በኔ ይሁን» ማለት ነው። «ተይ፣ አቁሚ»ም ማለት ነው። በአማርኛ «ተይ» ስንል እንደሚሆነው፤ ድምፁ ነው የሚለየው። ድምፁን ደግሞ ከሐሙስ ጀምሮ በጭንቅላቴ ስንት ጊዜ እንደደገምኩት... አንዴ እንደዚያ ይመጣል፣ አንዴ እንደዚህ። ልጁ እሳቱን ያራግብ ነበር፣ ቀና ብሎ አላየኝም።

በቆሎውን አልበላሁትም። እዚህ አለ፣ አባ ጭሱ ላይ። ቀዝቅዟል።

ዝናቡ ቆመ መሰለኝ። ቆይ... አልቆመም።