የሚያፏጨው ፓወር ሰፕላይ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እናንተም ዘንድሮ የምትመረቁ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ፓወር ሰፕላይ ጥገና ተናገር ስባል መጀመሪያ ያሰብኩት የተሳካልኝን ሥራ ላወራላችሁ ነበር። ትቼዋለሁ። ሦስት ቀን ያንከራተተኝን፣ በመጨረሻም ጥፋቱ የራሴው ሆኖ የተገኘውን ልንገራችሁ።

አንድ የመገናኛ ሬዲዮ ነበር፤ የ24 ቮልት የሶላር ባትሪን ወደ 12 ቮልት በሚያወርድ ኮንቨርተር የሚሠራ። ሬዲዮው ይንጫጫል ተባለ። ኮንቨርተሩ በሰከንድ 300 ሺህ ጊዜ እየበራ እየጠፋ ስለሚሠራ ኖይዙ በባትሪው ገመድ ወጥቶ ሬዲዮው ውስጥ ይገባል። መግቢያው ላይ ፊልተር ሠራሁለት፤ 100 ማይክሮሄንሪ ኮይልና 4.7 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር። ሬዲዮው ጸጥ አለ። እኔም ሒሳቤን ተቀብዬ ሸኘሁት።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። አሁን የሚጮኸው ኮንቨርተሩ ራሱ ነው። ለመናገር ቁልፉን ሲጫኑት፣ ማለትም ጭነቱ ሲጨምር፣ ቀጭን ፉጨት ያሰማል። አይሲውን፣ ማለትም የሚቆጣጠረውን ቺፕ፣ ቀየርኩ፤ ፉጨቱ አለ። ሞስፌቱን፣ ማለትም የሚያበራ የሚያጠፋውን ማብሪያ፣ ቀየርኩ፤ አለ። አይሲውን እንደገና ቀየርኩት፣ “የመጀመሪያው ፎርጅድ ይሆናል” ብዬ። ይህቺን ሰበብ ሁላችንም እናውቃታለን። በሦስተኛው ቀን የምሞክረው ሳጣ ፊልተሩን ዘልዬ ባትሪውን በቀጥታ ሰጠሁት። ጸጥ! ፊልተሩን ለብቻው ለካሁት፤ ደህና ነው። ኮንቨርተሩም ደህና ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ያፏጫሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራ ጭነት፣ ሬዚስተር በሉት፣ ቮልቴጁ ሲወርድበት የሚስበው ከረንትም ይወርዳል። ኮንቨርተር ግን መውጫውን አላስነካም ባይ ነው። ከ24 ቮልት 2 አምፔር ይወስድ የነበረው፣ መግቢያው ወደ 20 ቮልት ሲወርድ 2.4 አምፔር ይስባል፤ ያችኑ 48 ዋት ለመሙላት። ቮልቴጅ ሲወርድ ከረንት የሚጨምር ከሆነ፣ ለትንንሽ ለውጦች ሬዚስታንሱ ኔጌቲቭ ነው ማለት ነው፤ በዚህ ምሳሌ ኔጌቲቭ 12 ኦም። ኮይልና ካፓሲተርን እንደ ዥዋዥዌ አስቧቸው። ተራ ጭነት ዥዋዥዌውን እየጎተተ ያቆመዋል፤ ይሄኛው በየዙሩ ከኋላ ይገፋዋል። የኔ ፊልተር ዥዋዥዌ በሰከንድ 7 ሺህ ጊዜ ያህል ነበር። በጆሮ የሰማነው ለዚህ ነው።

ይህን ችግር የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር የነበረው ሚድልብሩክ እ.ኤ.አ. በ1976 ባቀረበው ጽሑፍ በሒሳብ አስቀምጦታል። ባጭሩ፣ የፊልተሩ የመውጫ ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ለሚለዋወጥ ከረንት የሚያሳየው ሬዚስታንስ፣ ከኮንቨርተሩ የመግቢያ ኢምፒዳንስ በጣም ያነሰ ይሁን ነው የሚለው። እኔ ያደረግሁት 100 ማይክሮፋራድ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ከ1 ኦም ሬዚስተር ጋር በተከታታይ አያይዤ ከሴራሚኩ ጎን በትይዩ መበየድ ነበር። ፉጨቱ እዚያው ቆመ። ሴራሚኩ ሬዚስታንስ የለውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ዥዋዥዌውን የሚበላው ነገር አልነበረም፤ ያቺ 1 ኦም በላችው።

ይሄ የፊልተር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እዚህ ካለን ጠጋኞች መሐል ቴሌቪዥን ጠግኖ፣ በተከታታይ የታሰረ አምፖል ሳይኖር፣ በቀጥታ 220 ላይ የሚሰካ ያለ አይመስለኝም። ጥሩ ልማድ ነው፤ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ይላል እንጂ ሞስፌቱ አይፈነዳም። ግን ጭነት ሲይዝ አምፖሉ ብልጭ ድርግም፣ ሰፕላዩም ሕቅ ሕቅ ሲል፣ “ሞቷል” ብለን ስንት ደህና ቦርድ ፈታን? ሰፕላዩ የጎደለውን ለመሙላት አብዝቶ ይስባል፣ በሳበ ቁጥር አምፖሉ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ይጨምራል፣ መጨረሻ ላይ ተርቦ ይወድቃል። ሾርት እንደሌለ ካረጋገጣችሁ በዋት ከፍ ባለ አምፖል ሞክሩት።

ፉጨት ሁሉ ከመግቢያ ይመጣል ማለቴ አይደለም። ቀን ደህና ውሎ ማታ የሚያፏጭ ይገጥማችኋል። ቀን ፓኔሉ ሲሞላው ባትሪው 28 ቮልት ነው፤ 12 ለማውጣት ማብሪያው ከዙሩ 43 በመቶውን ይበራል። ማታ ባትሪው 22 ሲደርስ 55 በመቶ ይሆናል። ከረንቱን ጫፍ ላይ እየለካ የሚቆርጥ ኮንትሮለር ደግሞ 50 በመቶን ሲያልፍ፣ የስሎፕ ማካካሻው፣ ማለትም ለማረጋጋት ከከረንቱ ልኬት ጋር የሚደመረው እየጨመረ የሚሄድ ቮልቴጅ፣ ካነሰ፣ ራሱን መቆጣጠር ያቅተዋል። የቮልቴጁን ቅርጽ በሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ እዩት፦ አንዱ ፐልስ ሰፊ፣ ቀጣዩ ጠባብ፣ ደግሞ ሰፊ፣ ደግሞ ጠባብ። እዚህ ላይ ካፓሲተር መደርደር ትርፉ ድካም ነው።

ጠዋት አልነሳ ብሎ በፀጉር ማድረቂያ ሲያሞቁት የሚነሳ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የደረቀ ኤሌክትሮላይቲክ ነው፤ እሱን ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ “ይሻላል” ብላችሁ በቦታው ሴራሚክ አታስገቡ። የፊድባኩ፣ ማለትም መውጫውን እያየ የሚያስተካክለው ዑደት፣ ማካካሻ የተሰላው በአሮጌው ካፓሲተር የውስጥ ሬዚስታንስ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሲጠፋ መረጋጋቱም አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

አሁን ስለ መለኪያችን። የኦሲሎስኮፑ መንኪያ፣ የፕሮቡ፣ ረጅም የግራውንድ ሽቦ አንቴና ነው። የፕሮቡን ጫፍና የግራውንዱን መቆንጠጫ ሁለቱንም ቦርዱ ላይ አንድ ነጥብ፣ ግራውንዱ ላይ አሳርፉ። መስመሩ ዝም ማለት አለበት። አሁንም የሚዘል ነገር ካያችሁ፣ ያ ከመውጫው የመጣ አይደለም፤ ሽቦውን አውልቃችሁ አጭሯን ስፕሪንግ አድርጉ። በ220 በኩል ግን መቆንጠጫውን በፍጹም እንዳታስነኩ። እዚያ 311 ቮልት ዲሲ አለ፣ የኦሲሎስኮፑ ግራውንድ ደግሞ ከመሬት ጋር የታሰረ ነው። የኦሲሎስኮፑን የመሬት ሽቦ የሚቆርጡ አይቻለሁ፤ ያኔ የመሣሪያው አካል ራሱ ይይዛችኋል። ለሚጠገነው ዕቃ ማግለያ ትራንስፎርመር አብጁለት።

ፌዝ ማርጂንን፣ ማለትም ሰፕላዩ ከመወዛወዝ ምን ያህል እንደራቀ፣ የሚለካው መሣሪያ ውድ ነው፣ እጃችን ላይ የለም። አንድ ሞስፌትና አንድ ትልቅ ሬዚስተር ግን አለን። ሬዚስተሩን በሞስፌቱ አስገብታችሁ ጭነቱን ከግማሽ ወደ ሙሉ ድንገት አዝልሉትና መውጫውን እዩ። አንዴ ጎንበስ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው። አምስት ስድስት ጊዜ ከተወዛወዘ፣ ዛሬ ባያፏጭም ሙቀት ወይም እርጅና ሲጨመርበት ያፏጫል።

ያ የሬዲዮ ኮንቨርተር ከኋላ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ባለቤቱ አዲስ ገዝቶ ይሄን ተወልኝ። ያቺን 1 ኦምና ኤሌክትሮላይቲኩን አንስቼ ፊልተሩን እንደ ጥንቱ መልሼዋለሁ፤ ሁለቱም እዚያው ትሪ ላይ ናቸው፣ መበየጃውም ሞቋል። ሻይ እስኪቀርብ ጭነቱን ጨምሩና ጆሯችሁን አስጠጉ።

አመሰግናለሁ።