መካከለኛው መኪና እንዴት ተወለደ? አሜሪካ፣ 1960ዎቹ

ሰላም ሰላም ወዳጆቼ! ዛሬ የማወራችሁ ስለ አሜሪካ መካከለኛ መኪኖች ነው። በጣም የምወዳቸው ናቸው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ እንዳትደናገሩ።

ሦስት ወንድማማቾች ያሉበት ቤት አስቡ። ታላቁ ግዙፍ ነው። ጥሩ ይበላል፣ ጥሩ ይለብሳል፣ እንግዳ ሲመጣ ፊት የሚቀመጠው እሱ ነው። ታናሹ ገና መምጣቱ ነው። ትንሽ ነው፣ ወጪው ቀላል ነው፣ ሁሉም ያቅፈዋል። መሃለኛውስ? ለመሃለኛው አዲስ ኮት አይገዛም። ታላቁ ያደገበት ኮት ይወርድለታል። አልጋውን ደግሞ ከታናሹ ጋር ይጋራል። ይቺን ኮት ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ታላቁ እነ ሼቭሮሌት ኢምፓላ፣ እነ ፎርድ ጋላክሲ ናቸው። ታናናሾቹ ለ1960 ወጡ፦ ፎርድ ፋልከን፣ ሼቭሮሌት ኮርቬር፣ የክራይስለሩ ቫሊያንት። ፋልከን በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ400,000 በላይ ተሸጠ። ግን ቤተሰብ ሲበዛ ፋልከን ይጠባል። ጋላክሲ ደግሞ ውድ ነው፣ ቤንዚንም ይጠጣል።

መሃለኛው በ1962 መጣ፦ ፎርድ ፌርሌን። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ፋልከን 278 ሴንቲ ሜትር፣ ጋላክሲ 302፣ ፌርሌን 293። ቴክኒኩን ቶሎ ልበለው፦ ቦዲውና ሻንሲው አንድ ወጥ ነው፤ ከሞተሮቹ አንዱ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 3600 ሲሲ፣ ብረቱ በስሱ የተቀረጸ፣ ስለዚህ ክብደቱ ቀላል። አለቀ።

እዚህ ጋ ሁሌ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ሙስታንግስ? እሱም መካከለኛ አይደል?» አይደለም። አይደለም ወዳጆቼ! ሚያዝያ 1964 የወጣው ሙስታንግ ከሥር ሲታይ ፋልከን ነው። የታናሹ ወገን ነው። ኮፈኖው ረጅም ስለሆነ ትልቅ ይመስላል እንጂ የጎማዎቹ ርቀት 274 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከፋልከንም ያንሳል! ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሩስ ከየት መጣ? ከፌርሌን ቤተሰብ ነው። ያው የ3600 ሲሲው ዘር አድጎ 4700 ደረሰ። ሙስታንግን የምትወዱ ሁሉ ለፌርሌን ምስጋና አለባችሁ። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ወደፊትም እናገራለሁ።

አሁን ደግሞ የሚያሳዝነኝ ታሪክ። የክራይስለር፣ ማለትም የፕሊመዝና የዶጅ እናት ኩባንያ፣ አለቆች ሼቭሮሌት ትልልቆቹን ሊያሳንስ ነው የሚል ወሬ ሰሙ ይባላል። እነሱም ቸኩለው የ1962 ፕሊመዝና ዶጅን አሳነሱ። የጎማ ርቀቱ 295 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ልብ በሉ፣ የፌርሌን ልክ ማለት ነው! ግን «ትልቅ መኪና» ብለው ሸጡት። ሼቭሮሌት ደግሞ ምንም አላሳነሰም። ገዢው ሸሸ። በ1965 ያንኑ ልክ ፕሊመዝ ቤልቬዴር ብለው፣ በመካከለኛነት አቀረቡት፤ ከእሱ በላይ ፉሪ የሚባል ትልቅ መኪና አስቀመጡ። ያኔ ቦታውን አገኘ። እኔ ክራይስለርን ልኩ ነው የጎዳው አልልም፤ የተሰለፈበት ሰልፍ ነው የጎዳው።

ወደ ኮቷ እንመለስ። ለ1964 የሼቭሮሌትና የፖንቲያክ እናት ኩባንያ ጀነራል ሞተርስ አራት መሃለኞች አወጣ፦ ሼቭሮሌት ሼቬል፣ ፖንቲያክ ቴምፔስት፣ ኦልድስሞቢል ኤፍ-85 እና ቢዩክ ስፔሻል። ሕግም ነበረው፦ በዚህ ልክ መኪና ላይ ከ5400 ሲሲ በላይ ሞተር አይገባም። የፖንቲያክ ሰዎች፣ ከእነሱ አንዱ መሐንዲሱ ጆን ዴሎሪያን፣ የታላቁን ኮት አወረዱ። ከትልልቆቹ ፖንቲያኮች የ6400 ሲሲውን ሞተር አንስተው ቴምፔስት ውስጥ ከተቱት። በውጭ መጠኑ ከቴምፔስቱ የራሱ ሞተር ጋር እኩል ስለሆነ ልክክ አለ። ሕጉንስ? «ይህ አዲስ ሞዴል አይደለም፣ ገዢ ከፈለገ የሚጨምረው ዕቃ ነው» አሉ። ጂቲኦ ተባለ። በመጀመሪያው ዓመት 32,450 ተሸጠ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ኮት ማውረድ ጀመረ። በ1966 ዶጅና ፕሊመዝ ሄሚ የሚባለውን 7000 ሲሲ ሞተር ለመንገድ መኪና ሸጡት። በ1968 ፕሊመዝ ሮድ ራነርን አመጣ፤ ጌጡን ቀንሶ፣ ጉልበቱን ይዞ፣ ከ2,900 ዶላር ባነሰ መነሻ ዋጋ። ለእኔ የዘመኑ ምርጥ ሐሳብ እሱ ነው።

ሄሚ ለብቻው አንድ ቪዲዮ ይፈልጋል፤ ቀጣዩ እሱ ነው። ሰብስክራይብ አድርጉና ደወሏን ተጫኑ። ፌርሌን ይሻላል ወይስ ሼቬል? ከታች ጻፉልኝ።