የሞተራችሁ ኦይል ሲል ለምን ደጋግሞ ያፈሳል?

[ካሜራው ከሞተር ሳይክሉ የፊት ጥርስ (ካቴናውን ከሚያዞረው) ሥር፣ በጣም ቅርብ]

ይሄን ጥቁር ነገር አያችሁት? ጭቃ እንዳይመስላችሁ። ዘይት ነው። የደቻቱን ወንዝ አሸዋ የጠጣ ዘይት። ካቴናው ላይ ተለጥፏል፣ ጥርሱ ሥር ተቆልሏል፣ ከሞተሩ ሆድ በታች ወርዶ ደርቋል። በጣቴ ሳሸው ይሄው፣ ይሻክራል።

እንዴት ናችሁ የድሬ ልጆች! ሐረሮች፣ ደንገጎን ወጥታችሁ የምትወርዱት፣ እንዴት ናችሁ! ዛሬ የኦፍሮድ ሞተር ሳይክል ኦይል ሲል፣ ማለትም ዘይቱ እንዳይፈስ የሚይዘውን ቀለበት እንቀይራለን። ሞተር ውስጥ ብዙ ሲል አለ። የዛሬው ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) የሚወጣው ሻፍት፣ ማለትም የሚሽከረከረው ዘንግ ላይ፣ ከፊት ጥርስ ጀርባ ያለው ነው። አሸዋውን፣ ውሃውን፣ ካቴና የሚረጨውን ሁሉ የሚቀበለው እሱ ነው። አንድ ነገር ከአሁኑ ልበላችሁ፦ ሲል መቀየር ቀላል ነው። ለምን እንዳለቀ ሳታውቁ ከቀየራችሁት ግን ብዙም ሳይቆይ እዚያው ናችሁ።

አሁን መፍቻውን አስቀምጡና ስለ ሽርጥ እናውራ። አዎ፣ ሽርጥ! ድሬ ላይ፣ በዚያ በከሰዓቱ ሙቀት፣ ቤት ገብቶ ሽርጥ የማያገለድም ማን አለ?

ሽርጥ ቀበቶ የለውም። ቁልፍ የለውም። የሚይዘው ከላይ ያለው ጥቅልል ነው። ጥቅልሉ ደህና ከሆነ ትቀመጣላችሁ፣ ትነሳላችሁ፣ ትዞራላችሁ፣ ሽርጡ አይወድቅም። በጣም ካጠበቃችሁት ደግሞ መተንፈስ አቃተ። ሲሉም እንደዚያ ነው። ውጪው የብረት ቀለበት ነው። ውስጡ የጎማ ከንፈር አለ። ከከንፈሩ ጀርባ ፀጉር የመሰለ ክብ ስፕሪንግ አለ፣ ጥቅልሉ ማለት እሱ ነው። ከንፈሩን ሻፍቱ ላይ ያስጠጋዋል፣ ግን አያንቀውም። በመሃላቸው በዓይን የማይታይ ስስ የዘይት ሽፋን አለ። ያ ሽፋን ከሌለ ጎማው በደረቁ እየታሸ ይቃጠላል።

አሁን ሽርጡና ወገባችሁ መሃል አሸዋ ይግባ። ተራመዱበት እስቲ! ቆዳ ይላጣል፣ ጨርቁም ይበላል። ሻፍቱና ሲሉ መሃል አሸዋ ሲገባ የሚሆነው ይሄው ነው። ደግሞ ሽርጥ ሁሌ አንድ ቦታ ከታሰረ ወገብ ላይ መስመር ያወጣል አይደል? ሻፍቱም ላይ መስመር ይወጣል። ብረት በጎማ ይበላል ስላችሁ አትደነቁ። ጎማው ውስጥ የተቀበረው አሸዋ ነው ብረቱን የሚሞርደው። ስለዚህ አዲሱን ሽርጥ ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ወይ ዝቅ አድርጋችሁ ታስሩታላችሁ። ይቺን ያዙልኝ፣ እንመለስባታለን።

[ካሜራው ወደ አቅራቢው]

ወደ ሥራው ልገባ ነበር፣ ግን ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ጽፋችሁልኛል። ሳልመልስ ማለፍ አልችልም። «ድሬ ሙቀት ነው፣ ዘይቱ ቀጥኖ ነው የሚፈሰው፣ ወፍራም ዘይት ጨምርበት» የምትሉት።

አቦ፣ ተዉ! ሐረር 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ገደማ። አየሩ ይለያያል፣ እውነት ነው። ሞተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ግን ሲሠራ ወደ 100 ዲግሪ ይጠጋል፣ እዚህም እዚያም። ሲሉ የሚያውቀው የዘይቱን ሙቀት እንጂ የከዚራ ሰፈርን ፀሐይ አይደለም። ተራው የናይትራይል ጎማ እስከ 100 ዲግሪ ገደማ በደህና ይሠራል፤ ቪቶን የሚባለው 200 አካባቢ ይችላል። ሞተራችሁ በጣም የሚግል ከሆነ ቪቶኑን ፈልጉ። የውፍረት ቁጥሩ 40 የነበረውን ዘይት 50 ብታደርጉት ግን የደረቀ ጎማ አይለሰልስም፣ የተበላ ሻፍት አይሞላም። ለጥቂት ቀን ጠብታው ይቀንስ ይሆናል፣ ከዚያ ይመለሳል። የመኪና ዘይት የምትጨምሩ ደግሞ ፍሪሲዮናችሁ ዘይት ውስጥ እንደሚሠራ አትርሱ። ጃሶ ኤም ኤ የሚለው የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ ያልተጻፈበት ዘይት ፍሪሲዮን ሊያንሸራትት ይችላል።

ይልቅ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ። በአሸዋና በጭቃ ከተደፈነ ግፊቱ መውጫ ያጣል፣ ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋዋል። አፉን እዩት፣ ንፉበት። ሁለተኛ፣ ካቴና። አጥብቃችሁ ስትወጥሩት፣ ኋላው ጉድጓድ ላይ ሲረግጥ ካቴናው ሻፍቱን ወደ ኋላ ይስበዋል። ኩሽኔታው ይላላል። ሻፍቱ ይወዛወዛል። የሚወዛወዝ ሻፍት ላይ የትኛውም ሲል አይቆይም።

[ሥራው በፍጥነት]

እሺ፣ ወደ ሥራ። መፍታት ታውቃላችሁ፣ ቶሎ ቶሎ እንሂድ። መጀመሪያ አካባቢውን በናፍጣና በብሩሽ እጠቡ፣ አንድ ፍሬ አሸዋ አይቅር። ዘይቱን አውርዱ። ማርሽ አስገቡ፣ የኋላ ፍሬን ይረገጥ፣ ካቴናው ሳይወልቅ የጥርሱን ዳዶ አላሉ። ከዚያ ካቴናው፣ ጥርሱ፣ ከጀርባው ያለው ቀለበት ይውጣ። ብዙ ሞተሮች ላይ ከቀለበቱ ውስጥ ቀጭን ኦሪንግ፣ ክብ የጎማ ማሸጊያ አለ፤ እሱም ይቀየር። እሱን ረስቶ ሲሉን የሚሰድብ ብዙ ነው!

አሮጌውን ሲል በካቻቢቴ ጠርዙን ይዛችሁ አውጡ፣ ሻፍቱንና መቀመጫውን ሳትጭሩ። የማይወጣ ከሆነ ቁሙ። አንዳንድ ሞተር ላይ ሲሉ በውስጥ በኩል ጠርዝ አለው፣ ሞተሩ ለሁለት ካልተከፈተ አይወጣም።

አዲሱን ስትገዙ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 25፣ 40፣ 7 ካለ የውስጡ 25 ሚሊ ሜትር፣ የውጪው 40፣ ውፍረቱ 7 ነው።

ሻፍቱን በጥፍራችሁ ዳብሱት። ጥፍር የሚይዝ መስመር አለ? ቦታ ካለ ሲሉን አንድ ሚሊ ያህል ወጣ ወይ ገባ አድርጉት፤ ከንፈሩ ያልተበላ ብረት ላይ ይረፍ። ሽርጡን አስታውሱ። የሻፍቱን ጥርሶች በስስ ፕላስቲክ ሸፍኑ፣ አለዚያ አዲሱን ከንፈር ይቆርጡታል። ከንፈሩን ግሪስ ቀቡ። ስፕሪንጉ የሚታይበት ጎን ወደ ውስጥ፣ ወደ ዘይቱ! ከሲሉ ጠርዝ ጋር እኩል በሆነ ቡሶላ፣ ዙሪያውን እኩል፣ ቀስ እያላችሁ ምቱ።

ዳዶውን መመሪያው በሚለው ልክ እሰሩ። ካቴናውንም እንደዚያው፣ በመመሪያው ልክ አላሉት። ዘይት ሙሉ፣ ሳቢያን ሰፈር ደርሳችሁ ተመለሱና ከጥርሱ ሥር በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ደረቅ ከወጣ ጨርሳችኋል። ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ያላችሁ፣ የካምቢዮ ዘይቱ እየጎደለ በጭስ ማውጫ ነጭ ጭስ ከወጣ የእናንተ ችግር ሌላ ሲል ነው፣ የቀጣዩ ቪዲዮ የእናንተ ነው። ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ጠብቁኝ!