ለሚንጨባረር ፀጉር በቤት የሚዘጋጅ የዘይት ሴረም

ትዕግሥት፦ ጤና ይስጥልን፣ አድማጮቻችን። ዛሬ ጠዋት ከቤት ስወጣ የግቢው ሣር በውርጭ ነጥቶ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ አቧራ እያስነሣ ሲነፍስ ውሏል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ እንደ መሆኗ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ከንፈርን እንደሚሰነጥቅ ሁሉ ፀጉርንም ያደርቃል። እኔ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ፤ አብረውኝ ያሉት እትዬ የሺ ደግሞ በዚሁ ከተማ ከ20 ዓመት በላይ ሹሩባ ሲሠሩ ኖረዋል። ዛሬ የምንነጋገረው ለሚንጨባረር ፀጉር በቤት ውስጥ ስለሚዘጋጅ የዘይት ሴረም፣ ማለትም በጥቂት ጠብታ ስለሚቀባ የዘይት ቅይጥ ነው። እትዬ የሺ፣ እንኳን ደኅና መጡ።

የሺ፦ እንኳን ደኅና ቆየሽኝ ልጄ። ይህን ጉዳይ በማንሣታችን ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም በዚህ ወራት ወደ እኔ ከሚመጡት ልጆች አብዛኞቹ የሚነግሩኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው። «እትዬ፣ በየቀኑ ቅባት እቀባለሁ፤ ፀጉሬ ግን እንደ ገለባ ይንኮሻኮሻል» ይሉኛል። ስዳስሰው እውነታቸውን ነው፤ ላዩ በቅባት ተለስኗል፣ ውስጡ ግን ደርቋል። ሳበጥረው ይሰባበራል፣ ከሹሩባውም እያፈተለከ ይቆማል።

ትዕግሥት፦ የዛሬው ውይይታችን ዋና ነገር ያለው እርስዎ አሁን በተናገሩት ውስጥ ነው። ዘይት ፀጉርን አያርስም፤ ፀጉርን የሚያርሰው ውሃ ነው። የዘይት ሥራ ያንን ውሃ ቶሎ እንዳይተን መያዝ፣ ፀጉሩንም ማለስለስና ፀጉር ከፀጉር ጋር ሲፋተግ እንዳይላጥ መጠበቅ ነው። በደረቅ ፀጉር ላይ ዘይት ብንደራርብ የያዝነው ድርቀቱን ነው። ብዙዎች ዘይቱ ጥሩ አይደለም ብለው ከአንዱ ጠርሙስ ወደ ሌላው የሚዘዋወሩት ይህን ቅደም ተከተል የነገራቸው ሰው ስለሌለ ይመስለኛል።

የሺ፦ ፀጉር ለምን እንደሚንጨባረር ራሱን ብታስረጂልን መልካም ነው።

ትዕግሥት፦ የጎጆ ክዳን ያስቡ። ሣሩ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየተደራረበ ስለሚከደን ዝናቡ በላዩ ላይ ተንሸራትቶ ይወርዳል። የፀጉር ዘለላ ውጫዊ ክፍልም እንዲሁ ከሥር ወደ ጫፍ በተደራረቡ ስስ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ቅርፊቶቹ ሲተኙ ፀጉሩ ይለሰልሳል፣ ያብረቀርቃልም፤ በሙቅ ካውያ፣ በኬሚካል ወይም በኃይል በማበጠር ሲነሡና ሲላጡ ግን ውስጡ ይጋለጣል። የተጋለጠው ክፍል ኬራቲን ከተባለ ፕሮቲን የተሠራ ነው፤ አየሩ ሲረጥብ ውሃ ይስባል፣ ያብጣልም፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሸመቅቃል። እያንዳንዱ ዘለላ ይህን የሚያደርገው በየፊናው ስለሆነ ፀጉሩ አንድ ላይ መተኛቱን ትቶ ይበተናል። ከርዳዳ ፀጉር ላይ ችግሩ የሚበረታው ከራስ ቅል ቆዳ የሚወጣው የተፈጥሮ ቅባት በጠመዝማዛው ዘለላ ላይ እስከ ጫፍ ለመድረስ ስለሚያስቸግረው ነው፤ በሉጫ ፀጉር ላይ በቀላሉ ይወርዳል።

የሺ፦ ይህን ስትናገሪ የመንዝ በግ ጸምር ትዝ አለኝ። ከበጉ ላይ እንደተሸለተ በራሱ ቅባት የተለወሰ ነው፤ በፈላ ውሃና በሳሙና ከታሸ ግን ቅባቱ ይወጣና ይሻክራል፣ እርስ በርሱም ይጣበቃል። ባና የሚሠሩ ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል።

ትዕግሥት፦ ምሳሌው በትክክል ይሠራል፤ የበግ ጸምርና የሰው ፀጉር ሁለቱም ኬራቲን ናቸውና።

የሺ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ጣርማበር ላይ ጉም ሲገጥመን፣ ጠዋት አሳምሬ ያበጠርኩት ፀጉር ዋሻውን ሳናልፍ ተንጨባርሮ አገኘዋለሁ። ቀደም ሲል ነፋሱ ነው እል ነበር፤ ለካስ ከደረቁ አየር ወደ እርጥቡ መግባታችን ኖሯል።

ትዕግሥት፦ አዎን፣ ደርቆ የሰነበተ ፀጉር ጉሙን እንዳገኘ ይጠጣዋል። አስቀድሞ ውሃ ጠጥቶ በስስ ዘይት የተሸፈነ ፀጉር ግን በዚያ ጉም ውስጥም ቢሆን ያን ያህል አይለወጥም። አሁን ከሴረሙ በፊት ስለ ቅቤ ላንሣ፤ ምክንያቱም በአገራችን የፀጉር ቅባት ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው እርሱ ነው።

የሺ፦ እናቶቻችን ፀጉራችንን አጥበው፣ ለጋ ቅቤ ቀብተው፣ ፀሐይ ላይ ያስቀምጡን ነበር። ቅቤው ቀልጦ በአንገታችን እየወረደ እንኳ ተነሡ አይሉንም። መዓዛው እንዲያምር አደስ ይጨምሩበታል። ዛሬ ልጆቹ ሽታውን ይፈሩታል፤ እኔ ግን በዚያ ቅቤ የተያዘ ፀጉር ሲሰባበር አላየሁም።

ትዕግሥት፦ እኔም ከትምህርቴ ተነሥቼ እናቶቻችን ልክ ነበሩ እላለሁ። በፋብሪካ የሚመረት ቅቤ እንኳ ከመቶ እስከ 16 እጅ ድረስ ውሃ ይይዛል፤ ያልተነጠረው ለጋ ቅቤም ውሃና ስብ በአንድነት ያለበት ነው። በታጠበና ገና እርጥበት ባለው ፀጉር ላይ መቀባቱ፣ ከዚያም በፀሐይ እንዲቀልጥ መደረጉ፣ የምንናገረውን ቅደም ተከተል አሟልቶ የያዘ ነው። ችግሩ ቅቤ በብርድ መርጋቱ፣ ቶሎ መሽተቱና ወደ ሥራ ወይም ወደ ትምህርት ቤት ለሚሄድ ሰው መክበዱ ነው። ስለዚህ ቅቤውን ከመታጠብ በፊት ባለው ምሽት ወይም በዕረፍት ቀን፣ ሴረሙን ደግሞ በየዕለቱ መጠቀም ይቻላል።

የሺ፦ እንግዲህ ወደ ዘይቶቹ እንግባ። ብዙዎቹ የሚገዙት የኮኮናት ዘይት ነው።

ትዕግሥት፦ የኮኮናት ዘይት በጥናት የተደገፈ ጥቅም አለው። በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ የህንድ ተመራማሪዎች ጥናት ከማዕድን ዘይትና ከሱፍ አበባ ዘይት ጋር ተነጻጽሮ፣ ፀጉር ሲታጠብ የሚያጣውን ፕሮቲን የቀነሰው እርሱ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም ወደ ፀጉሩ ውስጥ ለመግባት በመቻሉ ነው። ነገር ግን የሚቀልጠው በ24 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ ደብረ ብርሃን ላይ በጠርሙስ ውስጥ ረግቶ ይቀመጣል፤ ቀልጦ የተቀባውም በብርዱ ፀጉሩ ላይ ይረጋል። ሸዋ ሮቢት፣ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ግን ያው ዘይት ሲፈስ ይውላል። ስለዚህ ለእኛ ከተማ ከመታጠብ በፊት እንዲቀባ እንጂ ሴረሙ ውስጥ እንዲገባ አልመክርም።

የሺ፦ የኑግና የተልባ ዘይትስ? የአገራችን ናቸው።

ትዕግሥት፦ ለምግብ እወዳቸዋለሁ፤ ለዚህ ግን አልመርጣቸውም። ሁለቱም ከአየር ጋር ሲገናኙ ቶሎ ይበላሻሉ። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኘው ደርቆ ሽፋን ስለሚሠራ ከጥንት ጀምሮ ለቀለም ሥራ ሲያገለግል የኖረ ነው፤ ፀጉር ላይም ሲቆይ ይጣበቃል። የተልባ ፍሬውን ግን አንጣለው፤ እመለስበታለሁ።

የሺ፦ የጉሎ ዘይት ያለ ምንም ቅይጥ ራሳቸው ላይ የሚያፈስሱ አሉ፤ ፀጉር ያበቅላል ተብለው ነው።

ትዕግሥት፦ ጉሎ መገኛው ይህ የእኛ የምሥራቅ አፍሪካ አካባቢ ነው፤ ዘይቱም ወፍራምና አብረቅራቂ በመሆኑ ፀጉርን በደንብ ይሸፍናል። ፀጉር ያበቅላል ለሚለው ግን አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ብቻውን ሲቀባ ፀጉርን አጣብቆ እስከማቋጠር ይደርሳል፤ ስለዚህ በጥቂቱ ብቻ ይግባ። የጉሎ ፍሬን ራሱን በተመለከተ አጥብቄ የማሳስበው ነገር አለ፤ ፍሬው ራይሲን የተባለ ብርቱ መርዝ አለው፣ ስለዚህ ልጆች እንዳይነኩት፣ በቤትም ለመጭመቅ እንዳይሞከር። የተጣራውን ዘይት ከመድኃኒት ቤት መግዛት ይሻላል።

የሺ፦ መጠኑን አሁን ንገሪን፤ አድማጮቻችን እስክሪብቶ ይያዙ።

ትዕግሥት፦ 50 ሚሊ ሊትር ለሚይዝ አንድ ጠርሙስ 2 የሾርባ ማንኪያ የተጣራ የሱፍ አበባ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ የጉሎ ዘይት እንለካለን። ጉሎው ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ። ዘይቱ ቶሎ እንዳይበላሽ የ2 ቫይታሚን ኢ እንክብል ፈሳሽ በመርፌ ቀድዶ መጨመር ይጠቅማል። አቅም ያለው ሰው የሱፍ አበባውን በጆጆባ ወይም ከሞሮኮ በሚመጣው በአርጋን ዘይት ሊተካው ይችላል፤ ጆጆባ ከሱፍ አበባው ይልቅ ሳይበላሽ ይቆያል፤ ነገር ግን ያለ እነርሱም ሴረሙ ይሠራል፣ ማንም ለዚህ ብሎ ገንዘቡን አይጨርስ። ጠርሙሱ ጥቁር ወይም ቡናማ፣ ታጥቦም ጨርሶ የደረቀ ይሁን።

የሺ፦ ሽታውን በአደስ ወይም በጥብስ ቅጠል ማሳመር ይቻላል?

ትዕግሥት፦ ይቻላል፤ ቅጠሉ ግን ጨርሶ የደረቀ መሆን አለበት። እርጥብ ቅጠል ውሃ ያስገባል፣ ውሃ የገባበት ዘይትም ይሻግታል። ዘይቱን በቀጥታ እሳት ላይ አናስቀምጥም፤ ድስት ውስጥ ውሃ አሙቀን፣ ዘይቱንና ቅጠሉን በሌላ ዕቃ አድርገን በላዩ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል በዝግታ እናሞቀዋለን፣ ከዚያም በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ እናጠልለዋለን። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን የሮዝመሪ (የጥብስ ቅጠል) ተናኝ ዘይት፣ ማለትም ሽታው የበረታውን የቅጠሉን ዘይት፣ የሚመርጥ ሰው ለዚህ መጠን ከ10 ጠብታ እንዳያሳልፍ፤ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ደግሞ ሽታው ቢቀር ይሻላል። ማታ ብርዱ ሲበረታ የወይራ ዘይቱ ሊደፈርስ ይችላል፤ ተበላሽቶ አይደለም፣ በእጅ ሲሞቅ ይጠራል። የቆየ ዘይት ሽታ ሲያመጣ ግን ይደፋ፤ እኔ በሁለት ወር የሚያልቅ መጠን ብቻ ነው የማዘጋጀው።

የሺ፦ አቀባቡን እኔ ልናገር፤ እጄ የሚያውቀው እርሱን ነውና። ፀጉሩ ከታጠበ በኋላ በፎጣ አይታሽም፤ በአሮጌ ከናቴራ ጫን ጫን ተደርጎ ውሃው ይመጠጣል። ገና እርጥብ ሳለ ከ3 እስከ 5 ጠብታ መዳፍ ላይ አድርጌ አሞቀዋለሁ፤ ፀጉሩ ብዙ ከሆነ ጥቂት እጨምራለሁ። ከጫፍ እጀምራለሁ፣ ምክንያቱም ጫፉ ዕድሜው ትልቅ ነው፣ ብዙ ታጥቧል፣ ብዙ ተበጥሯል። ከዚያ ወደ መካከሉ እወጣለሁ፤ ሥሩን አልነካም። የምጠቀመው ሚዶ ጥርሱ ሰፊ ነው። በሌሎቹ ቀናት ደግሞ ፀጉሩን በውሃ በጥቂቱ አረስርሼ ሁለት ጠብታ እደግማለሁ እንጂ በደረቁ አልቀባም። ማታ በሳቲን ሻሽ መሸፈን ይገባል፤ የጥጥ ጨርቅ ዘይቱንም እርጥበቱንም ይመጥጣል፣ ትራስ ላይም ፀጉሩን ይፈትገዋል።

ትዕግሥት፦ ሥሩን አለመንካትዎ በጣም ትክክል ነው፤ በተለይ ፎረፎር ላለበት ሰው። ከፎረፎር ጋር የተያያዘው እርሾ መሰል ተሕዋሲ የሚመገበው ቅባት ስለሆነ፣ የራስ ቅል ቆዳ ላይ ዘይት ማብዛት ሊያባብሰው ይችላል። አሁን ወደ ተልባው ልመለስ። በጣም ለሚበተን ፀጉር ሩብ ስኒ ተልባ በ2 ስኒ ውሃ ቀቅለን፣ እንቁላል ነጭ መስሎ ሲለጠለጥ በትኩሱ እናጠልለዋለን፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ለማጥለል ያስቸግራል። ይህን በእርጥብ ፀጉር ላይ ቀብተን በላዩ ሴረሙን ብናስከትል፣ ልጥልጡ ዘለላዎቹን አንድ ላይ ይይዛል፣ ዘይቱ ደግሞ ይሸፍነዋል። ውሃ ስላለበት በማቀዝቀዣ ከአንድ ሳምንት በላይ አይቆይም፤ ከዘይቱ ጋርም በአንድ ጠርሙስ አይቀላቀልም።

የሺ፦ ካውያ ለሚጠቀሙትስ?

ትዕግሥት፦ ይህ ሴረም ከካውያ ሙቀት አይከላከልም፤ ዘይት በተቀባ ፀጉር ላይ ካውያ ማሳረፍም ጉዳት ያስከትላል። በሱቅ የሚሸጡት ሴረሞች ብዙዎቹ ሲሊኮን ያላቸው ናቸው፤ ልስላሴያቸው ከዚያ የመጣ ስለሆነ፣ የቤቱ ሴረም እንደ እነርሱ እንዲያንሸራትት መጠበቅ የለብንም።

የሺ፦ አንድ የሚያሳዝነኝን ነገር ሳልናገር አላልፍም። አንዲት ልጅ «ንጹሕ የተፈጥሮ ዘይት» ተብሎ ከተሸጠላት ጽሑፍ አልባ ጠርሙስ ቀብታ፣ ግንባሯና የጆሮዋ ጀርባ ቆስሎ መጣችብኝ። ምን እንዳለበት ማንም አያውቅም ነበር። ሹሩባዋን ፈትቼ ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋት።

ትዕግሥት፦ ስለዚህ ነው በቤት ማዘጋጀቱን የምወደው፤ ምን እንደገባበት እናውቃለንና። ቢሆንም የተፈጥሮ ነገርም ቆዳን ሊያስቆጣ ስለሚችል፣ መጀመሪያ በክንድ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ቀብተን ከአንድ እስከ ሁለት ቀን እንጠብቅ። ጭርት፣ ቁስል ወይም በአንድ ቦታ የሚመለጥ ፀጉር ካለ ደግሞ ዘይት መድኃኒት አይሆንም፤ ሐኪም ይየው። ሹሩባው ጠብቆ ግንባር ላይ ፀጉር ማሳሳት ከጀመረም ማላላት ነው የሚያስፈልገው።

የሺ፦ እሱን እኔ ነኝ የምመልሰው፤ ጠበቅ አድርጊልኝ የምትለኝን ሁሉ አልታዘዝም። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ሸዋ ሮቢት ያለችው እህቴ እንዴት ታድርገው?

ትዕግሥት፦ የወይራውን ዘይት በኮኮናት ትተካው፣ ጉሎውን በግማሽ ትቀንሰው፣ በሙቀቱ ዘይቱ ቶሎ ስለሚበላሽም ግማሽ ጠርሙስ ብቻ ታዘጋጅ።

የሺ፦ ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ።