የባማኮዎቹ ባልና ሚስት

እንደምን አመሻችሁ።

የሙዚቃ መምህራን፣ ማሲንቆና ክራር ይዛችሁ የመጣችሁ ወጣቶች፣ ከእኛ ጋር ለማምሸት የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ ማታ የማወራችሁ ስለ አንድ ባልና ሚስት ነው። አማዱ ባጋዮኮና ማሪያም ዱምቢያ ይባላሉ። አገራቸው ማሊ ነው፤ የባማኮ ልጆች ናቸው። ዓለም የሚያውቃቸው "አማዱና ማሪያም" ብሎ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንደሆነ ያዙልኝ።

የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ሲነገር ሁሌም የሚቀድመው ዓይናቸው ነው። ሁለቱም ማየት የተሳናቸው ነበሩ። ተገናኙ፣ ተዋደዱ፣ ተጋቡ፣ ዘፈኑ፣ ዓለም አጨበጨበላቸው። እውነት ነው፣ ሆኗል። ግን እንዲህ ሲወራ ሥራቸው ይዋጣል። ፈረንሳይ ስማቸውን ከመስማቷ በፊት እነዚህ ሰዎች ከሃያ ዓመት በላይ አብረው ለፍተዋል። እኔን የሚገርመኝ ያ ልፋት ነው። ዛሬም የማነሳው እሱን ነው።

ማሪያም የተወለደችው በ1958 ነው። አምስት ዓመቷ ላይ ኩፍኝ ያዛት፤ ሕክምና ሳታገኝ ቀርታ ዓይኗን አጣች። ልጅ ሆና ሠርግ ላይ ትዘፍን ነበር። ይቺን ነገር ቀለል አድርጋችሁ አትለፏት። ሠርግ ቤት ማንም ቁጭ ብሎ አይሰማህም። እልልታ አለ፣ ከበሮ አለ፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ምግብ ይዞራል። እዚያ መሀል ድምፁን ማሰማት የቻለ ልጅ የትም መድረክ ላይ አይደነግጥም። የማሪያም ድምፅ ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላም ያንን አለቀቀም። ቀጥ ያለ ነው፣ የጠራ ነው። ጌጥ አታበዛም። ዜማውን ይዛ ትሄዳለች።

አማዱ በአራት ዓመት ይበልጣታል። የእሱ ዓይን በአንድ ቀን አልጠፋም። ቀስ በቀስ እየደከመ ሄዶ አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ጨርሶ ማየት አቃተው። በ1970ዎቹ "ሌ ዛምባሳደር" የሚባል ባንድ ውስጥ ጊታር ተጫወተ። ታዋቂው የማሊ ድምፃዊ ሳሊፍ ኬይታ የዘፈነበት ባንድ ነው። ባማኮ ውስጥ የአንድ ሞቴል የምሽት ባንድ ነበር። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ በዚያው ዘመን እኛ ጋ ዋልያስ ባንድ ሒልተን ይጫወት ነበር። እንግዳው የወደደውን ትጫወታለህ። የኩባውን፣ የፈረንሳዩን፣ የአሜሪካውን፣ ከዚያ የአገርህን። ሲነጋ ጣትህ ደክሟል፤ ማታ ደግሞ እንደገና ነው። የአማዱ ጣቶች የተፈቱት በዚህ ሥራ ነው።

የተገናኙት በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ባማኮ ባለው የዓይነ ስውራን ወጣቶች ተቋም ውስጥ ነው። እኛ የሰበታውን መርሐ ዕውራን እንደምናውቀው ዓይነት ቦታ ነው። ተቋሙ "ኤክሊፕስ" የሚባል የራሱ ኦርኬስትራ ነበረው። ግርዶሽ ማለት ነው። ስሙን ያዙት፣ በኋላ እንመለስበታለን። እሱ ጊታር ይጫወታል። እሷ ትዘፍናለች፣ ለሌሎቹ ልጆችም ዘፈንና ጭፈራ ታስተምራለች። በ1980 ተጋቡ።

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል እንላለን። በሙዚቃ ግን እነዚህ ከሁለት ባሕር ነው የተቀዱት። እሷ ከሠርግ ቤት፣ እሱ ከሞቴል። ሁለቱን እንዴት አድርገው አንድ እንዳደረጉት ለማወቅ የአቢጃንን ዘመን ማየት ያስፈልጋል።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ኮትዲቯር ሄዱ። በዚያን ጊዜ የምዕራብ አፍሪካ ሙዚቀኛ ስቱዲዮ ሲፈልግ የሚሄደው አቢጃን ነበር። ለትልቅ ባንድ የሚከፈል ገንዘብ ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ ካሴቶቻቸውን የቀረጹት በአንድ ጊታርና በሁለት ድምፅ ነው። ከበሮ የለ፣ ቤዝ የለ፣ ኪቦርድ የለ። ካሴቱ ከገበያ ገበያ እየዞረ ባልና ሚስቱን አስተዋወቃቸው። "የማሊ ዓይነ ስውራን ጥንዶች" ተባሉ። ሰው የሚጠራቸው በስማቸው ሳይሆን በቅጽል ነበር ማለት ነው።

እስቲ እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ ሙዚቀኞች ስለሆናችሁ ይገባችኋል። አንድ ጊታር ብቻ ሲኖርህ ያ ጊታር ሁሉንም መሆን አለበት። የአማዱ እጅ ወፍራሞቹ ክሮች ላይ አጭር ሐረግ ይጀምርና ደጋግሞ ይመታታል፤ ያ ቤዝም ነው፣ ከበሮም ነው። ማሪያም በላዩ ላይ ዜማዋን ትዘረጋለች። ትንፋሽ ልትወስድ ስታቆም፣ በዚያች ሽራፊ ጊዜ ውስጥ ቀጫጭኖቹ ክሮች ብቅ ብለው ይመልሱላታል። እሷ ስትመለስ ጊታሩ ገለል ይላል። አንዱ በአንዱ ላይ አይወጣም። አማዱ ከሮክና ከብሉዝ ጊታር የተማረው ነገር ብዙ ነው፣ አልደበቀውምም። ነገር ግን እሷ እየዘፈነች እሱ ችሎታውን ለማሳየት ሲጣደፍ አትሰሙትም። ይህ በልምምድ ክፍል ብቻ የሚመጣ አይመስለኝም። አብሮ እየበሉ፣ ልጅ እያሳደጉ፣ ማታ ማታ አንድ ዘፈን ላይ እየተከራከሩ የሚመጣ ነው።

ለእኛ ጆሮ ደግሞ ሌላ ቅርበት አለው። ማሊ ውስጥ ያለው የባምባራ ሕዝብ ሙዚቃ በአብዛኛው አምስት ድምፆች ላይ የቆመ ነው። ትዝታና ባቲ ሰምቶ ላደገ ሰው ባዕድ አይሆንበትም።

ወደ ፓሪስ የሄዱት በ1996 ነው። በ1998 በፈረንሳይ የወጣው አልበማቸው ላይ አማዱ ለሚስቱ የዘፈነው ዘፈን በሬዲዮ ተወደደ። ከዚያ ፈረንሳዊው ሙዚቀኛ ማኑ ቻዎ መጣ። እሱ ያዘጋጀው "የባማኮ እሑድ" የሚል ትርጉም ያለው አልበም በ2000ዎቹ አጋማሽ ሲወጣ ዓለም አወቃቸው። ባማኮ ላይ እሑድ የሠርግ ቀን ነው፣ ልክ እንደ እኛ። አልበሙ ውስጥ የመንገዱ ድምፅ ሁሉ ይሰማል፤ ጫጫታው፣ ሳይረኑ። አንዳንድ ሰዎች ማኑ ቻዎ እንደፈጠራቸው አድርገው ያወራሉ። አልስማማም። አማዱ ያኔ ሃምሳ ዓመት ሞልቶታል። ማኑ ቻዎ ያገኘው ያለቀለት ሙዚቃ ነው። ያገዛቸው ወደ ሰው ጆሮ እንዲደርስ ነው፤ ለዚያ ሊመሰገን ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። በ2006 የጀርመኑ የዓለም ዋንጫ ዘፈን ላይ ነበሩ። በ2009 ኦባማ የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲቀበሉ ኦስሎ ላይ በነበረው ኮንሰርት ተጫወቱ። በ2010 የዓለም ዋንጫ ወደ አፍሪካ ሲመጣ ሶዌቶ ላይ ነበሩ። ልብሳቸው አንድ ዓይነት፣ መነጽራቸው ጥቁር፣ እጇ ትከሻው ላይ። እንደዚያ ሆነው ነው መድረክ ይወጡ የነበሩት።

አሁን ወደ ግርዶሹ ልመለስ። በ2011 ማንቸስተር ላይ አንድ ኮንሰርት አቀረቡ፤ ስሙንም "ኤክሊፕስ" አሉት። አዳራሹ ድቅድቅ ጨለማ ነበር። ታዳሚው መድረኩንም፣ ጎኑ የተቀመጠውንም ሰው አያይም። የሕይወታቸው ታሪክ ይተረካል፣ በመሀል እነሱ ይጫወታሉ። ይህንን ሥራ በጣም ነው የምወደው። እስከዚያን ቀን ድረስ ተመልካቹ እነሱን እያየ "ምስኪን" ይል ነበር። ያን ማታ የሚታይ ነገር ጠፋ። የቀረው ጊታሩና ድምፁ ብቻ ነው። ጨለማ ውስጥ መሥራት የለመዱት እነሱ፣ ግራ የገባው ሌላው ሰው ነው።

ስለ እኛም አንድ ነገር ልበል። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ። ካዛንችስ በደጉ ዘመኑ ሞልቶት ነበር። ብዙ ጊዜ ባልየው ማሲንቆውን ይዞ ይቆማል። ሚስትየው በእንግዶቹ መሀል እየዞረች ትዘፍናለች፣ እስክስታ ትወርዳለች። አንዱ "ተቀበል!" ይላል። ግጥሙን ተቀብለው እዚያው በዜማ ይመልሱለታል። እሷ ትንፋሽ ስትወስድ ማሲንቆው ክፍተቱን ይሞላል። ቅድም ስለ አማዱ ጊታር ያልኩት ነገር ነው። ግንባር ላይ ብር ይለጠፋል፣ ይሳቃል፣ ይነጋል። ጠዋት ላይ ግን ስማቸውን የያዘ የለም። "እነዚያ አዝማሪዎች" ብለን እንወጣለን። ስም ከተያዘም የአንዳቸው ነው የሚያዘው። ይሄ ያናድደኛል። ለዘመናት ሙዚቃችንን ተሸክመው እዚህ ያደረሱት እንዲህ ያሉ ባልና ሚስቶች ናቸው። አማዱና ማሪያም የሁለቱንም ስም የአልበም ሽፋን ላይ አኑረዋል፣ እኩል። እናንተ ወጣቶች ዛሬ ሁላችሁም እጅ ላይ ስልክ አለ፤ ትቀርጻላችሁ፣ ትለቃላችሁ። ስትቀርጹ ስማቸውን ጠይቁ። የእሱንም የእሷንም። ከየት እንደመጡ፣ ከማን እንደተማሩ ጠይቁና አብራችሁ ጻፉት። ክፈሏቸውም።

አማዱ በ2025 ሚያዝያ 4 ቀን ባማኮ ውስጥ አረፈ። ሰባ ዓመቱ ነበር። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በ2024 መስከረም፣ የፓሪሱ ፓራሊምፒክ ሲዘጋ ሁለቱም መድረክ ላይ ነበሩ። አብረው የሠሩት የመጨረሻው አልበም እሱ ከሞተ በኋላ በዚያው ዓመት ወጥቷል። ልጃቸው ሳምም ሙዚቀኛ ነው፤ "ስሞድ" በሚባል የራፕ ቡድን ውስጥ ነው ያደገው።

አሁን ወደ ማድመጡ እንግባ። ከ1998ቱ አልበም አንድ ዘፈን መርጠናል፣ ሦስት ጊዜ ይደገማል። በመጀመሪያው ዙር እሷን ብቻ ስሙ። በሁለተኛው ጊታሩን ብቻ ተከተሉ፤ መቼ ዝም እንደሚል ልብ በሉ። በሦስተኛው ማሲንቆ የያዛችሁ ልጆች ወደ ፊት ውጡና የእሱን ቦታ ሞክሩት። ክራር የያዛችሁም ቀጥሎ ትመጣላችሁ።

አመሰግናለሁ።