ቱርን መንገድ ዳር ቆሞ ማየት

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደውላ «በሐምሌ ሊዮን ልመጣ ነው፤ የቱር ደ ፍራንስ ትኬት ስንት ይሸጣል?» አለችኝ፤ ያ በየዓመቱ ፈረንሳይን የሚዞረው የብስክሌት ውድድር። መንገድ ዳር ለሚቆም ሰው ትኬት የለም፣ ነፃ ነው ስላት አላመነችኝም። «እንዲህ የሚያህል ነገር በነፃ?» አዎ፣ በነፃ። ዋናው ጥያቄ የት ትቆሚያለሽ ነው። ለእሷ በስልክ ያልጨረስኩትን ዛሬ ለእናንተ ላውራው።

መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን እርሱት። ቴሌቪዥን ላይ ሄሊኮፕተሩ አለ፣ በሞተር የሚከተለው ካሜራ አለ፣ ተንታኙ አለ፤ ውድድሩን ሙሉውን ታያላችሁ። መንገድ ዳር ግን የእናንተ ድርሻ የቆማችሁባት ሃምሳ ሜትር ናት። ሜዳማ መንገድ ከመረጣችሁ ከመቶ ሰባ በላይ ብስክሌተኛ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ እየከነፈ ይመጣል፤ ነፋሱ ፊታችሁን ይመታችኋል፣ የጎማና የሰንሰለት ድምፅ ትሰማላችሁ፣ በቃ አለቀ። ግማሽ ደቂቃም አይሞላ። «ኤርትራዊው ቢኒያም የቱ ነው?» ብላችሁ ሳትጨርሱ ቢኒያም የለም።

ብዙ ሰው ታዲያ የመጨረሻው መስመር ጋ ልሂድ ይላል። እኔ ለጀማሪ አልመክርም። የብረት አጥሩን ሰው ከጠዋት ጀምሮ ይይዘዋል፣ የተሻለው ቦታ ለተጋባዥ እንግዶች ነው፣ እናንተ የምታዩት የሰው ጀርባ ነው። ትልቅ ስክሪን አለ፣ እሱ እውነት ነው። ግን ስክሪን ለማየት ከሆነ ቤትስ ምን አለኝ?

አቀበት ሂዱ። አልፕስ ተራሮች ላይ ያለውን አልፕ ዱዌዝን እንውሰድ፣ ከግሬኖብል ከተማ ብዙም ሩቅ አይደለም። አቀበቱ 13.8 ኪሎ ሜትር ነው፣ አማካይ ዳገቱ ስምንት በመቶ ገደማ። 21 መታጠፊያ አለው፤ ቁጥሩ ከታች ከ21 ይጀምርና እየቀነሰ ወደ ላይ ይወጣል፣ በየመታጠፊያው እዚያ ያሸነፈ ሰው ስም ተለጥፏል። ፋውስቶ ኮፒ በ1952 የመጀመሪያው ነበር። እዚህ ላይ ብስክሌተኛው ቀስ ይላል። «ቀስ» ስል ከእኔና ከእናንተ ጋር ሳወዳድር አይደለም፤ ግን ፊቱን ታያላችሁ፣ አተነፋፈሱን ትሰማላችሁ፣ ላቡ ሲንጠባጠብ ታያላችሁ። ደግሞ እስከዚያ ድረስ ስለሚበታተኑ፣ ከፊተኛው እስከ ኋለኛው ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ሰባተኛው መታጠፊያ የሆላንዶች ነው፤ ብርቱካናማ ለብሰው፣ ሙዚቃ ከፍተው፣ ቢራቸውን ይዘው። ጸጥታ የሚወድ ሰው እሱን አልፎ ይውጣ።

በእግር አቀበት መውጣት ለማይችል፣ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ከሆነ በተለይ፣ የግል ክሮኖሜትር ያለበትን ቀን ምረጡ። አንድ በአንድ፣ ከሰዓት ጋር እየተሽቀዳደሙ ነው የሚነሱት፤ ወንበር ዘርግታችሁ ለሰዓታት እያንዳንዱን ታያላችሁ። ወይም አንዱን መንገድ ደጋግመው የሚዞሩበትን ውድድር። በ2025 የቱሩ የመጨረሻ ቀን ፓሪስ ውስጥ የሞንማርትርን ኮረብታ ሦስት ጊዜ ወጥተውታል። በዚያው ዓመት መስከረም ደግሞ የዓለም ሻምፒዮናው ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ገብቶ ኪጋሊ ላይ ተካሂዷል፤ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት አይሞላም። የወንዶቹ 267.5 ኪሎ ሜትር ነበር፤ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የከተማ ዙር ደጋግመው ስለዞሩት አንድ ቦታ የቆመ ሰው አሸናፊውን ፖጋቻርን እስኪጠግብ አይቶታል። ከጀመሩት የጨረሱት 30 ብቻ ነበሩ። ለእኛ ሰፈር እንዲህ የቀረበ ዕድል መቼ እንደሚደገም እንጃ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይህን ሰው ብዙ አይናገረውም። የሴቶቹን ቱር እዩ። ሰው ይቀንሳል፣ ቦታ ታገኛላችሁ፣ ውድድሩ ደግሞ... በ2024 ነሐሴ የመጨረሻው ቀን አልፕ ዱዌዝ ላይ ነበር፤ እኔም ከላይኞቹ መታጠፊያዎች አንዱ ላይ ቆሜ ነበር። ካሻ ኒየቪያዶማ ቢጫውን ማሊያ ለብሳ (የቀናቱ ሰዓት ተደምሮ የምትመራው የምትለብሰው ነው)፣ ዴሚ ቮለሪንግ ከአንድ ደቂቃ ትንሽ በሚበልጥ ልዩነት እያሳደደቻት ነው የተነሱት። ከግላንዶን አቀበት ጀምሮ ቮለሪንግና ሌላዋ ተወዳዳሪ ሮይያከርስ ሁለት ሆነው አምልጠዋል። እኛ ጋ ኔትወርክ የለም። ሁለቱ አለፉ። ወዲያው በዙሪያዬ ያለ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ሰዓት መቁጠር ጀመረ፤ አንድ የቤልጅግ ሽማግሌ በእጅ ሰዓቱ፣ አጠገቡ ያለች ልጅ በጣቷ። ቢጫው ማሊያ መጣ፤ ሁላችንም ጮኽን፤ ካለፈች በኋላ ግን ሁላችንም የቆጠርነው ቁጥር የተለያየ ነው! ሽማግሌው አሸንፋለች ይላል፣ ልጅቷ አላሸነፈችም ትላለች። መልሱ የመጣው የሆነ ሰው ከመኪና ሬዲዮ ሰምቶ ሲጮህ ነው፦ አራት ሰኮንድ። በሰባት ቀን ከተካሄዱ ስምንት ውድድሮች በኋላ ኒየቪያዶማ በአራት ሰኮንድ ቱሩን ወሰደች። ቴሌቪዥን ላይ ቢሆን ሰዓቱ ጥግ ላይ ይታየኝ ነበር፤ ያ ጭቅጭቅ ግን አይኖርም።

ዝግጅቱን በፍጥነት ልበላችሁ። የተራራ መንገድ ለመኪና ከማለዳ፣ አንዳንዴም ከዋዜማው ይዘጋል፤ መኪናችሁን ታች አቁሙና በእግር ውጡ። ውኃ በብዛት፣ ኮፍያ፣ የዝናብ ልብስም ጭምር፤ ከላይ ደጋ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ አይታመንም። ቆሎ ያዙ፣ ጎረቤት የምታፈሩት በእሱ ነው። የውድድሩ ድረ ገጽ ላይ በየኪሎ ሜትሩ ስንት ሰዓት እንደሚደርሱ የሚያሳይ ሰሌዳ አለ፤ ቤት ሳላችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፣ ላይ ስትደርሱ ኔትወርኩ ይጨናነቃል። ከአገር ቤት እንግዳ ካላችሁ ደግሞ ሰዓቱ በፈረንጅ እንደሆነ ንገሩት፣ አደራ።

ብስክሌተኞቹ ሳይመጡ ሁለት ሰዓት ገደማ ቀድሞ የማስታወቂያ መኪኖች ሰልፍ ያልፋል፤ ከ1930 ጀምሮ ያለ ልማድ ነው። ኮፍያ፣ ከረሜላ፣ የቁልፍ መያዣ ይወረውራሉ። እኔ ብዙም አይጥመኝም፤ ትልልቅ ሰው ለቁልፍ መያዣ ሲጋፋ ማየት ምን ደስ ይላል? ቀይ ነጠብጣብ ያለባት ነጭ ኮፍያ፣ የተራራው ንጉሥ ማሊያ መልክ ያላት፣ ስትመጣ ግን እኔም እጋፋለሁ። ልጆቻችሁን እጃቸውን ያዙ፣ ወደ መንገድ ሮጠው የሚገቡት ያን ጊዜ ነው።

ባንዲራ የምትወዱ ወገኖቼ፣ እንጨት ላይ አትስቀሉት፣ ትከሻችሁ ላይ እሰሩት። በ2021 የመጀመሪያው ቀን አንዲት ተመልካች ለካሜራ የያዘችው ካርቶን ቶኒ ማርቲንን መትቶ በርካታ ሰው ተከምሮ ወድቋል። በ2018 እዚያው አልፕ ዱዌዝ ላይ ቪንቼንዞ ኒባሊ በሕዝቡ መሀል ወድቆ የጀርባ አጥንቱ ተሰብሮ ከውድድሩ ወጥቷል። ጎን ለጎን መሮጡንም ተዉት፤ አጨብጭቡ፣ ስም ጥሩ፣ ይበቃል።

ሄሊኮፕተር ሲሰማ ቀርበዋል ማለት ነው። ከዚያ የፖሊስ ሞተሮች፣ ከዚያ መኪኖች፣ ከዚያ መሪዎቹ። መሪዎቹ እንዳለፉ ግማሹ ሕዝብ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ታች ይጀምራል። እናንተ አትንቀሳቀሱ! ለእኔ ምርጡ ክፍል ገና አልመጣም። ከኋላ ግሩፔቶ የሚባለው ቡድን አለ፤ በስፕሪንት፣ ማለትም መጨረሻው ላይ በሚደረገው ፈጣን ሽቅድምድም፣ የሚያሸንፉት ከባድ ከባድ ሰዎች፣ ተራራ የማይሆንላቸው፣ ተያይዘው የሚወጡበት። ከአሸናፊው ሰዓት ተነስቶ የሚሰላ ገደብ አለ፤ ካለፋቸው ነገ አይነሱም። በ2024 ቢኒያም ግርማይ ቱሪን ላይ አሸንፎ ቱር ውስጥ የአንድ ቀን ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ከሆነ በኋላ፣ ሁለት ደግሞ ጨምሮ፣ በነጥብ ለሚመራው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ ውድድሩ እስካበቃበት ኒስ ድረስ ይዞ ገባ። ስለ እሱ ሁሉም የሚያወራው ድሎቹን ነው። ያንን ማሊያ ያቆየው ግን ማንም ካሜራ በማይከተለው ሰዓት አልፕስንና ፒሬኔን በገደቡ ውስጥ መውጣቱም ነው።

ይህን ከኤርትራውያን ደጋፊዎች በላይ የሚያውቅ የለም። ሰው ሁሉ ሲወርድ እነሱ ከበሯቸውን ይዘው ቁጭ ናቸው፤ የእነሱ ሰው ገና ከኋላ ነዋ። ከጀርመን፣ ከስዊዘርላንድ፣ ከስዊድን ሌሊቱን ነድተው የመጡ ናቸው። አማርኛችሁን የሰማ አንድ አባት ሻይ ይቀዳላችኋል፣ በ2016 ቱርን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ መሆኑንም ከእናንተ ቀድሞ እሱ ይነግራችኋል። ግሩፔቶው ብቅ ሲል የሚነሳው እልልታ ለመሪዎቹ ከተነሳው ይበልጣል። ደክሟቸው ቀና ብለው ፈገግ ይላሉ፤ ጊዜ አላቸው፣ ያዩአችኋል።

መጥረጊያው መኪና፣ ከሁሉም ኋላ የሚመጣው፣ ካለፈ በኋላ ነው መንገድ የሚሻገሩት፣ ከዚያ በፊት አይሆንም። ስትወርዱ አትቸኩሉ፣ መኪናው ተሰልፎ ለሰዓታት ይቆማል።

ለአክስቴ ልጅ ያልኳትን ልንገራችሁና ልሰናበት። የ2026ቱ ቱር ሁለት ቀን በተከታታይ አልፕ ዱዌዝ ላይ ይጨርሳል፣ በፈረንጆች ሐምሌ 24 እና 25። ቅዳሜው ይሻላል ያላት ሰው አለ፣ ጋሊቢዬ የሚባለው ትልቅ አቀበት ስላለበት። ቅዳሜ ግን በሌላ መንገድ፣ በሳሬን በኩል ዞረው ነው የሚወጡት፤ 21ዱን መታጠፊያ የሚወጡት ዓርብ ነው። እኛ ዓርብ ነን፣ አሥራ ምናምነኛው መታጠፊያ አካባቢ። ከመጣችሁ ቆሎ አለ።